የፍላጻ ቅኝት

የሰው ልጅ ኑሮውን ለማሸነፍ ባደረገው ረጅም ትግል ውስጥ ከእጁ ርቆ የሚሠራለት መሣሪያ ማግኘቱ ታላቅ እርምጃ ነበር። ድንጋይ የሚወረውር ክንድ ያለውን ጉልበት በአንድ ጊዜ አውጥቶ ይጨርሳል፤ ጦር የሚሰብቅም እንዲሁ ነው። ቀስት ግን ከዚህ የተለየ ብልሃት አለው። ቀስት የክንድን ጉልበት ቀስ ብሎ ተቀብሎ፣ በጎበጠው እንጨት ውስጥ አኑሮ፣ ጅማቱ ሲለቀቅ በቅጽበት መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሲቡዱ በተባለው ዋሻ የተገኙ ጥቃቅን የድንጋይና የአጥንት ጫፎች ይህ ጥበብ ከ60,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሆኑን ለተመራማሪዎች ጠቁመዋል። የጥንት ግብፃውያንም ከእነርሱ በስተደቡብ ያለውን የኑቢያን ምድር «ታ ሴቲ» ብለው ሲጠሩት «የቀስት ምድር» ማለታቸው ነበር።

ይህን ያህል ዘመን አብሮ የኖረው መሣሪያ በተረትም ሆነ በታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው የተኳሹ ዓይንና ክንድ ነው። አልሞ ተኳሽ ተብሎ የሚሞገሰው ሰው እንጂ ቀስቱ አይደለም። ስለ መሣሪያው ቅኝት የሚወሳው ከስንት አንዴ ነው። ሆኖም አልሞ መተኮስ ጅማቱ ከመሳቡ ከብዙ ቀን በፊት የሚጀመር ሥራ ነው።

ቅኝት የሚለው ቃል እዚህ ላይ የገባው ንግግር ለማሳመር አይደለም። ክራር መቺ ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት አውታሮቹን አንድ በአንድ እየነካ፣ አንዱን እያጠበቀ ሌላውን እያላላ፣ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺ ሆዬ፣ የፈለገው ቅኝት እስኪገኝ ድረስ ይደክማል። አድማጩ ይህን ድካም አይቆጥርለትም። ያልተቃኘ ክራር ይዞ የቀረበ እንደ ሆነ ግን የጣቱ ብልሃት ሁሉ ከንቱ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ቀስትም የተወጠረ ጅማት ያለበት መሣሪያ ነው። ማሲንቆ መቺው የሚገዘግዝበትን፣ ጥጥ ነዳፊዋም የምትነድፍበትን ጎባጣ እንጨት አማርኛ በአንድ ስም ደጋን ማለቱ የእነዚህን መሣሪያዎች ዝምድና ያስታውሳል።

ልዩነቱ ግን ይህ ነው። የክራር ስሕተት ለጆሮ ወዲያው ይሰማል፤ የቀስት ስሕተት ግን ለረጅም ጊዜ ተሸሽጎ ሊኖር ይችላል። ተሸሽጎ የሚኖርበትንና የሚጋለጥበትን ሁኔታ ለመረዳት የዛሬውን የቀስት አዳኝ ሥራ መመልከት ይጠቅማል።

ዛሬ በቀስት ማደን በሕግ ተፈቅዶ በስፋት ከሚካሄድባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በዚያ አገር የዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1934 ለቀስት አዳኞች ብቻ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት በመፍቀድ ፈር ቀዳጅ ነበረች፤ ሌሎቹም ተከትለዋታል። አዳኙ ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ለወራት ይለማመዳል። ለልምምድ የሚጠቀመው በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ፣ እንደ ጥይት ድቡልቡል ሆኖ የሾለ የብረት ጫፍ ነው። ከ20 ሜትር ርቀት የሰደዳቸው ፍላጻዎች ሁሉ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ተጠጋግተው ይሰካሉ። አዳኙም ዝግጅቱን የጨረሰ ይመስለዋል። የአደኑ ቀን ሲቃረብ የልምምዱን ጫፍ ይፈታና ትክክል ያንኑ ያህል የሚመዝን፣ ሁለት ወይም ሦስት ምላጭ መሰል ክንፎች ያሉት የአደን ስለት ይገጥማል። ቀስቱ ያው ነው፤ ክንዱም ያው ነው፤ ክብደቱም ያው ነው። ፍላጻው ግን ከቀድሞው ቦታ ስንዝር ያህል ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ርቆ ይሰካል። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የተለወጠው ፍላጻው ከአየር ጋር ያለው ግንኙነት ነው። በፍላጻ ጭራ ላይ ያሉት ላባዎች አየሩን እየያዙ ጭራው ከጫፉ ኋላ ተከትሎ እንዲሄድ ያደርጋሉ። መሪዎቹ እነርሱ ናቸው። በጫፉ ላይ የተገጠመው ስለት ግን እርሱም በበኩሉ ክንፍ ነው። ፍላጻው ከቀስቱ ቀጥ ብሎ የወጣ እንደ ሆነ ስለቱ አየሩን እኩል ይሰነጥቀዋልና በፊተኛውና በኋለኛው ክንፍ መካከል ጠብ የለም። ጭራው ጥቂት እንኳ ተዛንፎ የወጣ እንደ ሆነ ግን ስለቱ አየሩን በጎኑ ይይዛል፤ ፍላጻውንም ወደ ራሱ አቅጣጫ ይነዳዋል። ላባዎቹ ወዲያ ሲጎትቱ ስለቱ ወዲህ ይጎትታል። የልምምዱ ጫፍ ለአየር የሚያቀርበው ክንፍ ስለሌለው ላባዎቹ ያንኑ መዛነፍ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ያርሙታል፤ ዓይንም አያየውም። ስለዚህ ስሕተቱን የፈጠረው ስለቱ አይደለም። ስሕተቱ ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ በቀስቱ ውስጥ ነበረ፤ ስለቱ አጋለጠው እንጂ።

እዚህ ላይ አዳኙን ሦስት መንገዶች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ስለቱን ወቅሶ ሌላ ስለት መግዛት ነው። ሁለተኛው በቀስቱ ላይ ያለውን ማነጣጠሪያ ፍላጻው ወደ ሄደበት ቦታ ማዛወር ነው። ሦስተኛው የመዛነፉን ምንጭ ፈልጎ ቀስቱን መቃኘት ነው። ከሁሉ የሚያታልለው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ለጊዜው የሠራ ይመስላል። በ20 ሜትር ላይ ማነጣጠሪያው ከተዛወረ በኋላ ፍላጻው ዒላማውን ይመታል። በ40 ሜትር ግን ስሕተቱ ያው መጠን የለውም፤ የጎን ነፋስ ሲነፍስም ሌላ ይሆናል። ዒላማውን የመታ ፍላጻ ሁሉ ቀጥ ብሎ የሄደ ፍላጻ አይደለም።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ማሰብ ባላስፈለገ ነበር። ጉዳዩ ግን የሕያው ፍጡር ሥቃይ ያለበት ነው። ጥይት የሚገድለው በከፍተኛ ፍጥነቱና በሚያደርሰው ድንጋጤ ጭምር ነው። የፍላጻ ጉልበት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ፍላጻ የሚገድለው በመቁረጥ ብቻ ነው፤ ስለቱ በሳንባና በልብ ውስጥ አልፎ ደም ሥሮችን ሲበጥስ እንስሳው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። ጭራው ተዛንፎ የደረሰ ፍላጻ ግን ጉልበቱ በዘንጉ ርዝመት ቀጥ ብሎ ስለማይገፋው ወደ ጎን ይጥመዘመዛል፤ ጥልቀቱም ይቀንሳል። ያን ጊዜ እንስሳው አይሞትም። ብረት በሥጋው ውስጥ ይዞ ወደ ጫካ ይገባል። በቀስት የሚያድን ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ቅኝት ለእርሱ የኩራት ሳይሆን የኃላፊነት ሥራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከዘመናዊ ቀስት የሚወጣ ፍላጻ በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ሜትር ይጓዛል። ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በ20 ሜትር ላይ የቆመ አጋዘን የጅማቱን ድምፅ የሚሰማው ፍላጻው ከመድረሱ አስቀድሞ ነው፤ በዚያችም ቅጽበት ለመሸሽ ዝቅ ሊል ይችላል። በደንብ የተቃኘ ቀስት ጉልበቱን ለፍላጻው ስለሚሰጥ የሚተርፈው መንቀጥቀጥና ድምፅ ጥቂት ነው። ያልተቃኘው ግን ይጮኻል።

የመዛነፉን ምንጭ ለማግኘት ጅማቱ ከተለቀቀበት ቅጽበት አንሥቶ ፍላጻው ከቀስቱ እስኪለይ ድረስ ያለውን ጊዜ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ ጊዜ በቀደምቱ ዓይነት ቀስት ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ገደማ አይበልጥም። በዓይን የሚታየው ፍላጻው መሄዱ ብቻ ነው። በእርግጥ የሚሆነው ግን አስደናቂ ተቃርኖ ነው። በቀደምቱ ቀስት ላይ ፍላጻው የሚያርፈው በእጀታው ጎን ስለሆነ፣ ጅማቱ ሳይሳብ በዘንጉ ርዝመት ሲታይ፣ ቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ጫፉ ከዒላማው ወደ ግራ ያመለክታል። ሆኖም ሲለቀቅ ወደ ዒላማው ይሄዳል። ሮበርት ኤልመር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ቀስተኛ ይህን ጉዳይ «የቀስተኛው ተቃርኖ» ብሎ ሰየመው። በቤል የስልክ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ክላረንስ ሂክማን ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ፍላጻ ሲወነጨፍ እጅግ ፈጣን በሆነ ካሜራ እያነሣ ምሥጢሩን ለዓይን አቀረበው። ጅማቱ ጭራውን ከኋላ በድንገት ሲገፋው ጫፉ በክብደቱ ምክንያት ለመነሣት ይዘገያል፤ በሁለቱ መካከል የተያዘው ዘንግ ይጎብጣል። ከዚያም ወደ ተቃራኒው ጎን ይጎብጣል። ፍላጻው እንዲህ እንደ እባብ እየተጥመዘመዘ እጀታውን ሳይነካ ይዞረውና፣ ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ረግቶ ቀጥ ይላል።

እንግዲህ ዘንጉ የሚጎብጠው በልክ መሆን አለበት። ከቀስቱ ጉልበት ጋር ሲነጻጸር ከመጠን በላይ ግትር የሆነ ዘንግ እጀታውን ሊዞረው አይችልም፤ ከመጠን በላይ ልል የሆነም ጎብጦ ጎብጦ በሌላው ጎን ይወጣል። በዛሬው ልማድ የዘንግ ግትርነት የሚለካው እንዲህ ነው። ዘንጉ 28 ኢንች ማለትም 71 ሳንቲ ሜትር ያህል በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል፤ በመካከሉም 880 ግራም የሚመዝን ክብደት ይንጠለጠልበታል። ዘንጉ ግማሽ ኢንች ከጎበጠ ቁጥሩ 500 ይባላል፤ የጎበጠው 0.340 ኢንች ብቻ ከሆነ ቁጥሩ 340 ይባላል። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይበልጥ ግትር ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ያው ዘንግ ረዘም ተደርጎ ከተቆረጠ ልል ይሆናል፤ ከባድ ጫፍ ከተገጠመበትም እንዲሁ። ቀስቱ ከጠነከረ ትናንት ልክ የነበረው ዘንግ ዛሬ ልል ነው። አንዱ ሲነካ ሌላው ይናጋል፤ ልክ አንዱ የክራር አውታር ሲጠብቅ የሌሎቹ ስምምነት እንደሚፈርስ።

ይህ ዕውቀት በቁጥር ከመጻፉ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በእጃቸውና በዓይናቸው ያውቁት የነበሩ ሕዝቦች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ በሰሜን ካሊፎርኒያ በላሰን ተራራ ግርጌ ይኖር የነበረው የያሂ ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1849 የወርቅ ፍለጋ ጎርፍ በኋላ መሬቱን የወረሩት ሰፋሪዎች ይህን አነስተኛ ሕዝብ በተደጋጋሚ ጨፍጭፈው ከምድረ ገጽ አጠፉት። የተረፉት ጥቂቶች በሸለቆዎች ውስጥ ተደብቀው ለብዙ ዓመታት ኖሩ፤ በመጨረሻም አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ይህ ሰው ኦገስት 29 ቀን 1911 ኦሮቪል በምትባለው ከተማ አጠገብ ከአንድ ቄራ አጥር ሥር ተራቁቶና ተርቦ ተገኘ። በሕዝቡ ባህል መሠረት ስሙን ለባዕድ አልተናገረም። «ኢሺ» ተብሎ የተጠራው በቋንቋው «ሰው» ማለት ስለሆነ ነው።

የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንቱ አልፍሬድ ክሮበርና ቶማስ ዋተርማን ኢሺን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወስደው በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም እንዲኖር አደረጉ። በአቅራቢያው በነበረው የሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሳክስተን ፖፕ ወዳጁ ሆነ፤ ቀስት መሥራትንና ማደንንም ከእርሱ ተማረ። ፖፕ ያየውን በጥንቃቄ መዝግቦታል። ኢሺ ለዘንግ የሚሆነውን ቀጭን ቅርንጫፍ ቆርጦ ያደርቃል፤ የጎበጠውን ቦታ በፍም ሙቀት እያለሰለሰ በእጁ ያቃናል፤ ዘንጉንም ወደ ዓይኑ አንሥቶ በርዝመቱ እያየ ቅናቱን ይፈትናል። ከዚያም በሁለት ሻካራ ድንጋዮች መካከል እያንከባለለ ያለሰልሰዋል። ለአደን በሚሆነው ፍላጻ ፊት ላይ ከሌላ፣ ከከበደ እንጨት የተሠራ አጭር ቅጥያ በአጋዘን ጅማት አስሮ ይጨምርበታል። ዛሬ በፋብሪካ ሠንጠረዥ ላይ የፍላጻ ሚዛን ከመካከሉ ወደ ፊት ያዘነበለ እንዲሆን የሚመከረው ምክር በኢሺ እጅ በዚህ ዓይነት ይሠራ ነበር። ጫፉ ከባልጩት በአጋዘን ቀንድ እየተፈለቀቀ የሚሠራ ነበር፤ የጠርሙስ ስባሪም ሲያገኝ ይጠቀም ነበር።

ለሥነ ጥበብ ሰው ልብ የሚነካው ግን ፖፕ የመዘገበው ሌላ ነገር ነው። ኢሺ የቀስቱን አንድ ጫፍ በተከፈተ አፉ ጥግ ላይ አስደግፎ ጅማቱን በፍላጻ መታ መታ ሲያደርገው ጣፋጭ ዜማ ይወጣው ነበር፤ በዚያም ታጅቦ የሕዝቡን ዘፈን ይዘፍን ነበር። አውታር ያላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ከአዳኝ ቀስት ተወለዱ የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ይህ አባባል እውነት ይሁን አይሁን፣ የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ልጅ ግን የአደኑንና የዜማውን መሣሪያ በአንድ እጁ ይዞ ታይቷል።

ኢሺ ማርች 25 ቀን 1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ ከእርሱ የቀሰመውን በ1918 እና በ1923 በታተሙ ጽሑፎቹ አሰራጨ፤ በአሜሪካ የቀስት አደን እንደ ገና ያንሠራራው በእነዚህ ጽሑፎች አማካይነት ጭምር ነው። በ1961 የተቋቋመው የቀስት አዳኞች ማኅበር የፖፕንና የአደን ጓደኛውን የአርተር ያንግን ስም ይዟል፤ ከፍተኛው ሽልማቱ ደግሞ በኢሺ ስም ይጠራል። እንግዲህ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የሚደሰቱበት ጥበብ ከአንድ የተጨፈጨፈ ሕዝብ የመጨረሻ ሰው እጅ የተላለፈም ቅርስ አለበት። ጥበብን ወርሶ ባለጥበቡን መርሳት በየአገሩ የሚታይ በደል ነውና ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከኢሺ በኋላ ቀስት ብዙ ተለውጧል። ከለውጦቹ ሁሉ የሚበልጠውን ያመጣው የሚዙሪው ሰው ሆሌስ ዊልበር አለን ነው። አለን በቀስቱ ሁለት ክንዶች ጫፍ ላይ መዘውሮችን በመግጠም የሠራውን ቀስት እ.ኤ.አ. በ1966 ለፈጠራ ባለቤትነት አቀረበ፤ መብቱም በ1969 ተሰጠው። በዚህ ዓይነት ቀስት ላይ ጅማቱ መጨረሻው ድረስ ሲሳብ መዘውሮቹ ሸክሙን ስለሚያቀሉ፣ የ30 ኪሎ ጉልበት የሚጠይቀውን ቀስት ስቦ የያዘ ሰው በእጁ የሚሰማው ከ6 እስከ 7 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ዘንጉም ከእንጨት ወደ አሉሚኒየም፣ ከአሉሚኒየም ወደ ካርቦን ተሸጋግሯል። ፍላጻው የሚያርፈው በጎን ሳይሆን በቀስቱ መካከል ስለሆነ፣ ጅማቱም በጣት ሳይሆን በመልቀቂያ መሣሪያ ስለሚለቀቅ፣ ወደ ጎን መጥመዝመዙ እጅግ ቀንሷል። ይሁን እንጂ አልጠፋም። የክፍሎቹ ቁጥር በበዛ መጠን ስሕተት የሚደበቅበት ጓዳም በዝቷል።

ቅኝቱ ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው ቀስቱ ራሱ ነው። ሁለቱ መዘውሮች እኩል ጀምረው እኩል መጨረስ አለባቸው፤ አንዱ ከቀደመ ጅማቱ የፍላጻውን ጭራ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋዋል። ቀጥሎ ፍላጻው ይመረመራል። ስለቱ ከተገጠመ በኋላ ፍላጻው በጫፉ ቆሞ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ ስለቱ ከዘንጉ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ከተርገበገበ ያ ፍላጻ ለአደን አይሆንም። የዘንጉ አፍ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ ስለቱ ተጣሞ ይቀመጣልና በዚህ ላይ ቀስት መቃኘት ጠማማ ምሰሶ ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው።

ከዚያ የወረቀት ፈተና ይከተላል። በአራት ማዕዘን ልጥ ላይ ወረቀት ይወጠራል፤ ቀስተኛው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ ፍላጻውን በወረቀቱ ውስጥ ያሳልፈዋል። ቀጥ ብሎ የሄደ ፍላጻ አንዲት ክብ ቀዳዳና በዙሪያዋ የላባዎቹን ጭረት ብቻ ይተዋል። ላባዎቹ ከጫፉ ቀዳዳ በላይ ወረቀቱን ቀደው ከሆነ ፍላጻው ጭራውን ወደ ላይ አንሥቶ ሄዷል፤ ያን ጊዜ በጅማቱ ላይ ጭራው የሚሰካበት ነጥብ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ አለዚያም የፍላጻው ማሳረፊያ ከፍ ይደረጋል። ወረቀቱ ወደ ጎን ከተቀደደ ምክንያቱ የማሳረፊያው ቦታ፣ የዘንጉ ግትርነት ወይም የቀስተኛው አያያዝ ሊሆን ይችላልና አንድ በአንድ ይፈተሻል። አንዳንዶች በዚህ አይረኩም፤ ላባ የሌለው ፍላጻ ከባለላባዎቹ ጋር አብረው ይሰዳሉ። የሚያርመው ላባ የሌለው ፍላጻ አወጣጡ እንዴት እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ይናገራል።

የመጨረሻው ፈተና የስለቱ ነው። ቀስተኛው በ20 ሜትር ላይ የልምምድ ጫፍ ያላቸውን ሦስት ፍላጻዎች፣ ቀጥሎም የአደን ስለት ያላቸውን ሦስት ፍላጻዎች ወደ አንድ ነጥብ ይሰዳል። ሁለቱ ክምችቶች ከተለያዩ ማሳረፊያው ይንቀሳቀሳል። አቅጣጫውም የስለቶቹ ክምችት ወደ ልምምዶቹ እንዲጠጋ በሚፈለግበት በኩል ነው። ስለቶቹ በግራ ከሄዱ ማሳረፊያው ወደ ቀኝ፣ ስለቶቹ በታች ከሄዱ ማሳረፊያው ወደ ላይ ይገፋል። መጠኑም ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከዚያ እንደ ገና ይተኮሳል። ሁለቱም ክምችቶች ይንቀሳቀሳሉ፤ ስለቶቹ ግን ይበልጥ ስለሚንቀሳቀሱ ቀስ በቀስ ይገናኛሉ። በ20 ሜትር ሲገናኙ ወደ 30፣ ከዚያም ወደ 40 ሜትር ይኬዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማነጣጠሪያው አይነካም። ሁለቱ ክምችቶች አንድ ከሆኑ በኋላ አብረው ከነጥቡ ቢርቁ እንኳ አያሳስብም፤ ያን ጊዜ ማነጣጠሪያውን ማዛወር እውነትን ከእውነት ጋር ማገናኘት ነው።

ገበያው ከዚህ ድካም የሚያሳርፍ ነገር አቅርቧል። ይኸውም በጉዞ ላይ ክንፎቹ ተጣጥፈው ሲመታ ብቻ የሚዘረጋ ስለት ነው። አየር ላይ እንደ ልምምድ ጫፍ ስለሚሄድ ካልተቃኘ ቀስትም ቢሆን ከዒላማው ብዙ አይርቅም። ይህ ፈጠራ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ ሲዘረጋ ሰፊ ቁስል ይከፍታል፤ በነፋሻ ቦታም ያግዛል። ነገር ግን ለመዘርጋት ከፍላጻው ጉልበት ላይ ይወስዳል፤ ዋናው ጉድለቱም ያልተቃኘውን ቀስት የተቃኘ ማስመሰሉ ነው። ጭራው ተዛንፎ የሚሄደው ፍላጻ አሁንም ተዛንፎ ይደርሳል። የጠፋው ስሕተቱ ሳይሆን ምስክሩ ነው። እንዲህ ያለውን ስለት የመረጠ አዳኝ ቀስቱን አስቀድሞ በቋሚው ስለት ቢቃኝ መሣሪያውም ያማረ፣ ሕሊናውም ያረፈ ይሆናል።

አንዳንድ ጊዜ ማሳረፊያው ወዲያና ወዲህ ቢገፋም ፍላጻዎቹ አይሰበሰቡም። ስለቶቹ ዛሬ በግራ፣ ነገ በቀኝ ይሰካሉ። ያን ጊዜ ምርመራው ከመሣሪያው ወደ ባለመሣሪያው መዞር አለበት። እጀታውን አጥብቆ የሚጨብጥ መዳፍ ሳያውቀው ቀስቱን ያጣምመዋል፤ ፊቱን በጅማቱ ላይ የሚጫን ሰው ጅማቱን ከመሥመሩ ያወጣዋል። በየጊዜው የሚለዋወጥ እጅ ያለውን ሰው ቀስት የሚቃኝ ብልሃት የለም። ስለዚህ ስለቱ የሚያቀርበው ሂስ በግለ ሂስ ካልተደገፈ ከንቱ ነው። ልምድ ያላቸው ቀስተኞች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክርም ቀስቱን ከመፍታትህ በፊት አሥር ጊዜ በአንድ ዓይነት አያያዝ ተኩስ የሚል ነው።

መምህር፣ የቴአትር ሰው ወይም የሥራ ኃላፊ ይህን ሲያነብ የራሱን ሥራ ማሰቡ አይቀርም። በወዳጆች ፊት ሲለማመዱት የሚያምር ተውኔት አለ፤ በክፍል ጥያቄ የሚመልስ፣ ከክፍል ውጭ ግን ዕውቀቱን የማይጠቀምበት ተማሪ አለ፤ በሪፖርት ላይ ቀጥ ብሎ የሚታይ ዕቅድ አለ። ሁሉም በልምምድ ጫፍ የተተኮሱ ፍላጻዎች ናቸው። ማያውቀው ተመልካች፣ ኑሮና ሜዳ ስለቶች ናቸው። ዕቅዱ ሳይሳካ ሲቀር ግቡን ወደ ውጤቱ አስጠግቶ ተሳካ ማለት ማነጣጠሪያን ማዛወር ነው። ተመልካቹን አላወቀበትም ብሎ መውቀስም ስለቱን ጥሎ ሌላ መግዛት ነው። የሚያዋጣው ግን ምን ጊዜም ሦስተኛው መንገድ ነው፤ እርሱም ብዙ የማያስጨበጭብ፣ በሚሊ ሜትር የሚለካ ሥራ ነው።

ቀስቱ ከተቃኘ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። በልምምድ የደነዘዙት ስለቶች ይሳላሉ ወይም ይለወጣሉ፤ ላባዎቹ ይታያሉ፤ ፍላጻዎቹም በሰገባቸው ይገባሉ። አዳኙ በዚህ ሁሉ ድካም ያገኘው ትልቁ ነገር ርቆ የመምታት ኃይል አይደለም። ስለቱ እስከ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚታመን በእርግጥ ማወቁ ነው። ኢሺ ችሎታው በርቀት ሳይሆን በመቅረብ ነበር፤ ነፋሱን ጠብቆ፣ አድፍጦ፣ እንስሳው በጥቂት ሜትሮች ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይታገሥ ነበር። ቀስቱን የቃኘ አዳኝም ስለቱ እስከ 30 ሜትር እንደሚታመን ካወቀ፣ 50 ሜትር ላይ የቆመው አጋዘን የቱን ያህል ቢያምር ጅማቱን ሳይለቅ ቀስቱን ዝቅ ያደርጋል።